የወይዘሮ ብርቄ ባል

ምክር መስጠት የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ የማያውቅ ከሆነ ዲላ ብቅ በሉና እኔን ፈልጉኝ። የሚመከር ሰው ሳጣ ገበያ መሐል አናናስ ለሚመርጥ መንገደኛ እንኳ አስተያየት እሰጣለሁ። ሰውዬው ዞር ብሎ «አንተ ደግሞ ማነህ?» ሲለኝ አይከፋኝም። እፍረት ያለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማስተምረው አማርኛ ነው። ከክፍል ስወጣ ደግሞ የልብ ወለድ ደራሲ ነኝ፤ ደራሲ መሆኔን እስካሁን ከእኔ በቀር ያመነ ሰው ባይገኝም። የጻፍኳቸው ታሪኮች መሳቢያዬ ውስጥ ተኝተዋል። ባልደረቦቼ እንዲያነቡልኝ ስሰጣቸው «ወይ ጊዜ ጠፋ!» ይሉኛል፤ እነዚያው ሰዎች ከሰዓት በኋላ በየቢሯቸው ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ሲስቁ አያቸዋለሁ። ይሁን። ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ግን የማላውቀው ነገር የለም። አንባቢን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚይዙት፣ ልቡን እንዴት እንደሚሰቅሉት፣ ገጸ ባሕርያትን እንዴት እንደሚመጥኑ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። የጎደለኝ ይህን ሁሉ ዕውቀት የማራግፍበት ሰው ነበር። ዘነበች የመጣችው ያኔ ነው።

ዘነበች ከቡሌ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በክረምት በክረምት ወደ ዲላ እየወረደች ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ቆይታ የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ደረሰች፤ እኔም አማካሪዋ ሆኜ ተመደብኩ። ጠባይዋ ዝምተኛ ነው። የታዘዘችውን ነገር ለምን ብላ አትጠይቅም፤ ሄዳ ትሠራዋለች። አማካሪዎች እንዲህ ዓይነት ተማሪ እንዲደርሳቸው ይጸልያሉ። እኔም ጸልዬ ነበር፤ የምጸልየውን ነገር አላወቅሁም እንጂ።

ጥናቷ በቡሌ እንሰት የሚፍቁ ሴቶች በሥራ ላይ ስለሚያወሩት ወግ ነው። ሴቶቹ አንዷ ጓሮ ይሰበሰቡና እንሰቱን እየፋቁ ስለ ባል፣ ስለ አማት፣ ስለ ጎረቤት ላም ያወራሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ዘነበች አብራቸው ተቀምጣ እየፋቀች ድምፃቸውን በስልኳ ቀድታ፣ ከጌዴኦኛ ወደ አማርኛ መልሳ አመጣችልኝ። ወርቅ የሆነ ነገር ነው። የጥናቱ መግቢያ ግን እንዲህ ይላል፦ «ኢትዮጵያ የበርካታ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሀገር ናት።»

እውነት እላችኋለሁ፣ በዚህ ዓረፍተ ነገር የሚጀምር ጥናት ሳነብ ጸጉሬ ሸብቷል። ስለ ተረት የሚጠናው በዚህ ይጀምራል፤ ስለ ሥርዓተ ነጥብ የሚጠናውም በዚህ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ስለ ሱቅ ማስታወቂያዎች የተጠና ጽሑፍ በዚሁ ሲጀምር አይቼ ቢሮዬን ዘግቼ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ዘነበችን መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጁስ ቤት ወሰድኳትና አቮካዶ አዝዤላት መምከር ጀመርኩ።

«አንባቢን እንዲህ አድርገሽ ከጠራሽው በሩ ላይ ይመለሳል» አልኳት። «መሐል አስገቢው። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጓሮ አሳይው።»

«ዓላማውስ መምህር?»

«ዓላማሽን ወዲያው አትናገሪ። ቀስ ብሎ ይገለጥ። ግኝቱንማ እስከ መጨረሻው ደብቂው! አንባቢ ላብ ካላጠመቀው ምኑን አነበበ?»

ራሷን ነቀነቀች። ጁሱ እየጎደለ ሲሄድ የእኔ ምክር እየሞላ ሄደ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ከሁሉም የከፋሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሴቶቹ ብዙ ናቸው መምህር። እያንዳንዷን ለማስተዋወቅ ብቻ ገጽ አለቀብኝ።»

«ሦስቱን አንድ አድርጊያቸው» አልኳት፣ ማንኪያዬን እያወዛወዝኩ። «አንባቢ ይህን ሁሉ ሰው ይዞ አይዘልቅም። ደህና ደህናውን ወግ ለአንዷ ስጫት። ጎላ ያለች፣ የማትረሳ ሴት ትውጣሽ።»

«ይቻላል እንዴ?»

«በደንብ ነዋ!»

እንግዲህ የጥናትና የልብ ወለድን ልዩነት ተማሪዎችን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ትምህርቱ በስሜ ተመዝግቧል። ዘነበች ጭቃ የጠጣ ጫማዋን እየጎተተች የቡሌን መኪና ልትይዝ ሄደች። እኔም ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ረቂቁ ሲመጣ በአንድ ቁጭታ ነው የጨረስኩት። ወይዘሮ ብርቄ የምትባል ሴት ተወልዳለች። ስሙ ጥናት ላይ እንደሚደረገው የተቀየረ ስም ነው፤ ሴትዮዋ ግን አማቷን በነገር ትወጋለች፣ የጎረቤት ላም ታሳድዳለች፣ ባሏ የሞተበትን ክረምት ስትተርክ ደግሞ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ወደ ኋላ ላይ፣ ዝናቡ ሌትና ቀን ሲያወርደው፣ ባሏ እንጨት ተሸክሞ ይመጣላትና ምድጃው ይነድዳል። በጣም ደስ አለኝ። ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለኝ ራሴን አልጠየቅሁም። ፈረምኩ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ተማሪዎቹ ዲፌንስ ነው የሚሉት። ዘነበች ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ያገኘችው ለዚህ ዓመት ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ፣ ካሁን በኋላ በትምህርት የተነሳ ከሥራ መቅረት የለም ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ዛሬ ከወደቀች እነዚያ ሁሉ ክረምቶች፣ ያ ሁሉ የቡሌ መንገድ ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን የነገረችኝ በዚያው ጠዋት ኮሪደር ላይ ነው፤ ያውም እየሳቀች፣ እኔ ስላለሁ ምንም ስላላሳሰባት።

ክፍሉ ሞልቷል። ባልደረቦቿ መምህራን ኬክ ይዘው መጥተዋል፤ ላዩ ላይ «እንኳን ደስ አለሽ ዘኑ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሰው ሳይፈተን እንኳን ደስ አለሽ የሚባለው መቼም እኛ ዘንድ ነው። ማስቀመጫ ስለጠፋ ፈታኞቹ ጠረጴዛ ሥር ከተቱት፤ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው የውጭ ፈታኝ እግሩን ባንቀሳቀሰ ቁጥር መምህራኑ በአንድነት ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። የኋላው ረድፍ ላይ ደግሞ እንሰት ፋቂዎቹ ራሳቸው ተደርድረዋል። ዘነበች «ያላችሁትን ትልልቅ ሰዎች ፊት ሳነብ ትሰማላችሁ» ብላ ቃል ገብታላቸው ነው የወረዱት። በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘዋል። የቡሌን ብርድ አስበው በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው መጥተው የዲላ ሙቀት በላብ እያጠመቃቸው ነው፤ አንዳቸውም ግን አላወለቁም።

የዲፌንስ ደንብ አንድ ነው፤ አማካሪ ካልተጠየቀ አይናገርም። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ዘነበች ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዝናቡ ሊጥል ነበር» አለች። «ወይዘሮ ብርቄ መፋቂያቸውን አነሱ።»

የውጭ ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ። የውስጥ ፈታኙ፣ ቢሮው ከእኔ ቀጥሎ ያለ የሥራ ባልደረባዬ፣ የጠፋበትን ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ጽሑፉን ፊትና ኋላ ገለባበጠው።

«ይቅርታ፣ የጥናቱ ዓላማ የት ነው ያለው?»

«ቀስ ብሎ ይገለጣል» አለች ዘነበች በትሕትና።

«መቼ?»

«አሁን ከነገርኩዎ አንባቢው ይመለሳል።»

አንገቴን ሹራብ ቢኖረኝ ውስጡ እከተው ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሰብሳቢ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ኮርኒሱ አየሁ። ዘነበች ዝናቡን አዘነበች፣ ላሟን አባረረች፣ አማቲቱን አመጣች። ኋላ የተቀመጡት ሴቶች አልፎ አልፎ እየተያዩ ይንሾካሾካሉ። ሰብሳቢው ሰዓት ማለቁን የሚናገረውን ወረቀት ከፍ ሲያደርጉ ግኝቱ ገና አልተወለደም። «ግኝቱስ?» ቢሏት «ልደርስበት ነበር» አለች።

አሁን የውጭ ፈታኙ ተራ ሆነ። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ፈታኝ እግዜር አያሳያችሁ። ጽሑፉ ላይ ቢጫ ቢጫ ምልክት ለጥፏል። የመጀመሪያውን ገለጠ።

«እዚህ ጋ የወይዘሮ ብርቄ ባል በክረምት ታመው ሞቱ ይላል።»

«አዎ።»

ሌላውን ምልክት ገለጠ። «እዚህ ጋ ደግሞ የወይዘሮ ብርቄ ባል እንጨት ተሸክመው መጡ ይላል። ቀኑን አይቻለሁ፤ ከሞቱ በኋላ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኬክ ያመጡት መምህራን ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የእኔ ዓይን ያን ሰውዬ ከነእንጨቱ አሳልፎታል። ፈታኙም አልሳቀም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ጠየቃት።

«ወይዘሮ ብርቄ የምትባል ሴት አለች?»

ዘነበች ጽሑፏን መገለባበጥ ጀመረች።

«መልሽልኝ እንጂ። ይህቺ ሴት በእውን አለች ወይስ ፈጠራ ናት? ፈጠራ ከሆነች ጥናቱ ይሰረዛል። ማሻሻል ሳይሆን መሰረዝ ነው የምልሽ።»

ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። «መምህሬ ነው ያለኝ» ማለት ትችል ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አላለችም። ዓይኗን መልሳ ጠረጴዛው ላይ ተከለች። እኔስ? ደንቡ ዝም በል ይለኛል፤ ፍርሃቴም በዚህ ጉዳይ ከደንቡ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። አንባቢን ላብ ስለማጥመቅ ያስተማረው ሰውዬ ከላይ ሆኖ የሚስቅብኝ መሰለኝ፤ እሱም እኔው ነኝ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች።

«እንጨቱን ያመጣው የኔ ባል ነው!»

ሁሉም ዞረ። ሴትዮዋ ወይዘሮ ታደለች ይባላሉ፤ ወፍራም ቀይ ሹራብ ለብሰዋል።

«እሱ አልሞተም። ዛሬ ጠዋት ቁርስ አብልቼው ነው የመጣሁት። ያ ብርቄ የምትሉት ማነው? እኔ ነኝ የተናገርኩት ለዘነበች!»

«ታዳሚ አይናገርም እናቴ» አሉ ሰብሳቢው።

«ላሙስ?» አሉ ሌላዋ ሴት ደግሞ ተነስተው፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ ነበሩ። «ላሙን ያባረርኩ እኔ ነኝ። ያ አማትም የኔ ነው! ስንት ዓመት የቻልኩትን አማት ለብርቄ ለምን ሰጣችሁት?»

«ደግሞ ሰባት ልጅ አለው አላችሁ! እኔ አራት ነው የወለድኩት!» አሉ ወይዘሮ ታደለች።

«ሰባቱ የኔ ነው!»

ሰብሳቢው ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። ሁለቱ ሴቶች በጌዴኦኛ ብርቄን ይከፋፈሏታል፤ ይቺ የኔ፣ ያቺ ያንቺ። የውጭ ፈታኙ እጁን አነሳና «ይናገሩ» አለ። ይኼኔ ነው እኔም ምን እንደነካኝ ሳላውቀው ብድግ ያልኩት።

«ሦስቱን አንድ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለኝ።

«አንባቢ እንዳይደክም ብዬ።»

«የጥናቱ አንባቢ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ» አለ ረጋ ብሎ፣ «ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ የመጣሁት ለመድከም ነው።»

ተቀመጥኩ። መሬት ብትከፈት ሳላቅማማ እገባ ነበር፤ ግን የሕንጻው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን።

ፈታኙ ወደ ዘነበች ተመለሰ። «ድምፃቸው አለሽ?» አላት። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሁለት ጊዜ በስህተት ሌላ ነገር ከፈተች። በመጨረሻ ድምፁ መጣ። በጌዴኦኛ ነው። ከፈታኞቹ አንዱም ጌዴኦኛ አይሰማም፤ እኔም «ደህና ዋላችሁ» ከማለት አላልፍም። መጀመሪያ የመፋቂያው ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ አንዲት ሴት አንድ ነገር ትናገራለች፤ በስልኩ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሲስቁ የኋላው ረድፍም አብሮ ሳቀ። ያንኑ ወግ፣ ያኔ የሳቁበትን ቦታ ጠብቀው፣ እንደ አዲስ ሳቁበት። ወይዘሮ ጥሩነሽማ አማታቸው ላይ ሲደረስ እንባቸውን በሹራባቸው ጠረጉ። ፈታኙ ወደ ስልኩ አየ፤ ወደ ኋላ አየ፤ አንድ ነገር ጻፈ።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ የሚቆራረጥ። የሚስቅ ጠፋ። ባለ ድምፁ እስካሁን አንዲት ቃል ያልተናገሩ አዛውንት ሴት ነበሩ፤ እማማ አበበች። ከሁለቱ ሴቶች ጎን ተቀምጠው በቅጠል የተጠቀለለውን ቆጮ ታቅፈዋል። የራሳቸውን ድምፅ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ባላቸው የሞቱባቸው እሳቸው መሆናቸውን ማንም ሳይነግረን ሁላችንም አወቅን። ዘነበች ስልኩን ዘጋችው።

«ውጭ ጠብቁን» አሉ ሰብሳቢው።

ኮሪደሩ ላይ ወጣን። ፈታኞቹ ብቻቸውን ሲመክሩ ሌላው ሰው በር በሩን እያየ የሚቆምበት ሰዓት ነው። ኬኩን ማንም ስላላሰበው እዚያው ጠረጴዛ ሥር ቀርቷል። አንዱ መምህር «ሲሰርዟት ይበሉት ይሆን?» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም። ወይዘሮ ታደለች ደረት ደረታቸውን እየመቱ ይመላለሳሉ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁ፤ ዝም ማለት ነበረብኝ። አሁን ዘነበች ወደቀ በሉኝ?» ይሉኛል። ዘነበች ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ።

እሷ ቀደመችኝ። «መምህር፣ ልብ ሰቀላ የሚባለው ይሄ ነው አይደል?» አለችኝ።

ፊቷ ላይ የቀልድ ምልክት የለም። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፤ እዚህም ቦታ ሆና ከእኔ ትማራለች። ዞር ብዬ በመስኮት ከመመልከት ሌላ አቅም አላገኘሁም። ወደ ይርጋጨፌ የሚሄድ አውቶቡስ ሲያልፍ አየሁና ምነው በተሳፈርኩበት አልኩ።

እማማ አበበች መጥተው ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ያ መጽሐፍ ላይ የኔ ባል ነው እንጨት ያመጣው የሚለው?»

«አዎ እማማ። በስህተት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወደ ቦታቸው ተመልሰው ቆሙ። ከዚያ በኋላ በሩን ማየት ተውኩ፤ እሳቸውን ነበር የማየው።

በሩ ተከፈተና ተጠራን። ሰብሳቢው ቆመው አነበቡ። ጥናቱ ከከፍተኛ ማሻሻያ ጋር አልፏል። ሦስቱ ሴቶች ተለያይተው እያንዳንዷ በራሷ ወግና በራሷ ልጆች ትገባለች፤ ዓላማው መግቢያው ላይ ይጻፋል፤ ዝናቡ ይወጣል። አማካሪውም እያንዳንዱን ገጽ «እንደ ልብ ወለድ ሳይሆን» አንብቦ እንዲፈርም ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። እልልታው ከኋላ ረድፍ ፈነዳ። ዘነበች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ወንበር ላይ ተዘረፈጠች፤ ለካ ያ ሁሉ ዝምታ እንባ ይዞ ነበር። ኬኩ ሲወጣ «እንኳን» የምትለው ቃል ላይ የጫማ ምልክት ተገኘባት። ማን እንደረገጣት የውጭ ፈታኙ ብቻ ያውቃል፤ እሱም ኬክ አልበላም፣ ቆጮ ይሻለኛል አለ።

ሰው ሁሉ ሲበላ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። እማማ አበበች ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ቢጫ ምልክት የተለጠፈበትን ጽሑፍ ያያሉ።

«አሁን ሲስተካከል» አሉኝ፣ «የኔ ባል እንጨት ማምጣት ይቀራል?»

«ይቀራል እማማ። እንጨቱን ያመጡት የወይዘሮ ታደለች ባል ናቸው።»

«እንግዲያ ይሄ አሮጌውን ለኔ ስጠኝ።»

የውጭ ፈታኙ ቆጮውን አስቀመጠና ጽሑፉን ወደ ራሱ ሳበ። ገጹን ፈልጎ፣ ቢጫውን ምልክት አንስቶ፣ በጥንቃቄ ገንጥሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት።

«የቱ ጋ ነው?»

ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አኖርኩት። ጣታቸውን ከዚያ አላነሱም።

«በዚያ ዝናብ» አሉኝ፣ «እንጨቱ ደረቅ ነው?»

ገጹ ላይ ስለ መድረቁ አንዲት ቃል አልተጻፈም።

«ደረቅ ነው እማማ» አልኳቸው።